ፖምፓዋ ምን ጠጣች?

የራሱ አለቃ የሆነን ሰው ጡረታ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት የለም፤ እኔን ያወጣኝ ወገቤ ነው። ባለፈው ክረምት የቡና መፈልፈያ ማሽን ዘንግ ከመሬት ላነሳ ጎንበስ አልኩና እዚያው ቀረሁ። ሁለት ሰው ደግፎ አቆመኝ። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ብረት አታንሳ" ሲለኝ ስለ ጀርባ ያውቅ እንደሆነ ለማጣራት ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ተስማምተው ይሆናል ብዬ ሦስተኛ ጋ ልሄድ ስል ባለቤቴ ከዘራ ገዝታ አመጣችልኝ።

ወርክሾፑን ስለቅ ቁራሌ የሚገዛ ሰው መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ብረት ያገላብጥ ጀመር። መካከሉ ላይ አንዲት ጥቁር፣ ረጅም እጀታ ያላት ነገር አነሣ።

"ይህቺ ምንድን ናት?"

"ፖምፓ ናት።"

"የውሃ?"

"የውሃ አይደለችም።"

"የምንድን ናት ታዲያ?"

ከእጁ ወሰድኳት። ልማድ ነው። ሰው ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ከጠየቀኝ "ለምን ፈለገው?" እላለሁ። ሌላውን ብረት ወስዶ እሷን ትቶልኝ ሄደ። ነገሯን ልጻፍ ያልኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አሁን ቢታወቅም የሚጎዳኝ የለም። ያለ አይመስለኝም።

አባቴ ከጅማ ወገን ጨርቅ ይዞ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ያደግሁት ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውስጥ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያስተማረኝ መንገድ ነው። የከተማው ስም ሚዛን ነው፤ እኔ ግን በሚዛን ውስጥ አንድም ሚዛን አምኜ አላውቅም። የመጀመሪያ ሥራዬ የቡና መጋዘን በር ላይ ቆሞ ጆንያ ማስመዘን ስለነበር፣ ሰው ሳይታወቅበት እግሩን ሚዛኑ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ እርጥቡን ከሥር ደረቁን ከላይ እንዴት እንደሚያደርግ ጢም ሳላወጣ ተምሬ ጨርሼ ነበር። የመጋዘኑ ጌታ "ነስሩ፣ ዓይንህ ደንበኛ ያስቀይማል" ይለኝ ነበር። አላባረረኝም ግን። የቀጠረው ዓይኔን ነዋ።

ከዚያ በቴፒና በማሻ መንገድ የአይሱዙ ረዳት ሆንኩ። ጭቃው ጎማ ሲውጥ ከሥር የምገባ እኔ፣ ከላይ የሚቆጣ ሾፌሩ። እዚያ ነው መኪና ከየት በኩል እንደሚታመም ያወቅሁት። ከመኪናው ስወርድ አሮጌ መለዋወጫ መነገድ ጀመርኩ። አሮጌ መለዋወጫ መነገድ ማለት ሁለት ጠርጣሮች ተገናኝተው አንዱ "አዲስ ነው" ሲል ሌላው "ታጥቦ ነው" የሚባባሉበት ሥራ ነው። ተመችቶኝ ነበር።

ጋሽ ወልዴን ያገኘሁት በዚህ ንግድ ነው። ከጉራጌ አገር የመጡ መካኒክ ነበሩ፤ ሚዛን ላይ ከቆርቆሮ በታች ትንሽ ጋራዥ ነበራቸው። አንድ ቀን ኩሽኔታ ልሸጥላቸው ሄድኩ። ኩሽኔታ ማለት በውስጧ ብዮች ያሉባት፣ ዘንጉን አቅፋ የምታሽከረክር የብረት ቀለበት ናት። ጋሽ ወልዴ ተቀበሉኝና ጆሯቸው ሥር አድርገው በጣታቸው አሽከረከሯት።

"የማን ናት?" አሉኝ።

"የእኔ ናት።"

"ባለቤቷን መች ጠየቅሁህ። ከየትኛው መኪና ወጣች? በየትኛው በኩል ነበረች? ማን አወጣት፣ በምን አወጣት?"

አላውቅም። ኩሽኔታዋን መለሱልኝ። "አባቷ ያልታወቀ ኩሽኔታ እኔ ጋ አትገባም" አሉ።

እኔ ሰው ስጠረጥር ነው የኖርኩት፤ እሳቸው የሚጠረጥሩት ብረትን ብቻ ነበር። ሰውን እንደ ሕፃን ያምኑ ነበር፤ ጋራዣቸው ቁልፍ አልነበረውም። ብረት ላይ ሲደርሱ ግን ምስክር ያስጠራሉ። "ቡሎን አምጣ" አይሉም፣ "የግራ ኋላ እግሩን ቡሎን አምጣ" ነው የሚሉት። "ዳዶ" አይሉም፣ ዳዶዋ የማን ሚስት እንደሆነች ይናገራሉ። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ የሚያስል ሰው ወዮለት። ሻይ ሲጠጡ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ሳያማስሉ ይጠጡና ስኳሩን ብርጭቆው ሥር ትተው ይነሣሉ። "ለምን ታዲያ ይጨምሩታል?" ብላቸው "እንዳለ ማወቅ ይበቃኛል" አሉኝ። መዶሻ ኩሽኔታ ላይ ሲያርፍ ግን ፊታቸው እንደተመታ ሰው ይኮማተር ነበር።

እሳቸው ጋ አራት ዓመት ሠራሁ። ደመወዙ ለሻይ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ሌላ ቦታ አይገኝም። ከዚያ ቴፒ ወርጄ የራሴን ወርክሾፕ ከፈትኩ። የንግድ ፈቃዴ ላይ "ጥገና" የምትለውን ቃል ለማስጨመር የተመላለስኩትን እንለፈው።

ቴፒ ላይ ሥራው የቡና መፈልፈያ ነው። ቀዩን እሸት ልጣጩን የሚገፍ ማሽን ማለቴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እሸቱ የቀላ ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰበራል። የተለቀመ እሸት ደግሞ በዕለቱ ካልተፈለፈለ መሽተት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የምትሄደው ኩሽኔታዋ ናት። አሮጌዋን ከዘንጉ ማውጣት፣ አዲሷን ማስገባት ትልቅ ግፊት ይጠይቃል። ቴፒ ላይ ያለን ሁላችን በመዶሻ ነበር የምናስገባት፤ አዲስ የገባችው በሁለት ሳምንት ተመልሳ ትመጣለች፣ በመዶሻ የገባች ኩሽኔታ ከውስጥ ቆስላ ነውና።

ተፎካካሪዬ ደምሴ ከመንገዱ ማዶ ነበር። መዶሻው ከእኔ ይበልጣል። "ነስሩ፣ አንተ ትነካካለህ፣ እኔ እመታለሁ" ይለኝ ነበር፤ ደንበኛም ጉልበት ሲያይ ደስ ይለዋል።

እኔ ግን ፕሬስ፣ ያለ መዶሻ በቀስታ ተጭኖ የሚያስገባ ማሽን፣ ፈለግሁ። አዲስ ፕሬስ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ አቅም አልነበረኝም። ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄጄ አማከርኳቸው፤ ጋራዣቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ሥራ ፈትተው ነበርና ደስ ብሏቸው ከእኔ ጋር ቴፒ ወረዱ። ሦስት ሳምንት እኔ ቤት ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ሲሊንደር አለ፣ ዘንጉን የሚጫን። ትንሽ ፖምፓ አለች፣ በእጅ የምትነቀነቅ። ትንሿ ፈሳሹን ከማጠራቀሚያዋ ጠጥታ በቱቦ ወደ ትልቁ ትገፋለች። የእኛን ትልቁን ሲሊንደር ከተሰበረ የጭነት መኪና ክሪክ አወጣነው፤ ትንሿን ከድፍን ብረት ቶርኖ ላይ አስቆፈርናት። ጥበቡ ሁለት ብዮች ላይ ነው። አንዷ ፈሳሹን ታስገባለች እንጂ አትመልስም፤ ሁለተኛዋ ታስወጣለች እንጂ መልሳ አታስገባም። ጋሽ ወልዴ ይህን መሬት ላይ በኖራ ሲስሉልኝ ልቤ ሞቀ። በመጨረሻ እንደ እኔ አእምሮ የተሠራ ማሽን አገኘሁ፤ ሁለት በር፣ ሁለት ዘበኛ፣ ማንም ማንንም አያምንም።

ብይዋ የምትቀመጥበት ቀዳዳ አፉ ካልገጠማት ፈሳሹ በጎን ያመልጣል። ጋሽ ወልዴ ብይዋን ቀዳዳው ላይ አስቀመጡ፣ በላይዋ የናስ ዘንግ አቆሙ፣ መዶሻ አነሡ። መዶሻ ሲያነሡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዴ ብቻ መቱ። ጧ! ብረቱ በብይዋ ልክ ጎደጎደላት። "ሁለተኛ ከመታህ አበላሸህ" አሉ። "ብይዋን አውጥተህ ጣላትና አዲስ አስገባ፤ እሷ ወንበሩን የሠራች ናት፣ የምትቀመጠው ሌላ ናት።"

ፈሳሹ በሚገፋው ብረት፣ በፒስቶኑ ዙሪያ እንዳያመልጥ ለትንሿ ከመኪና ፍሬን የወጣ ጎሚኒ፣ ማለትም ትንሽ የጎማ ቆብ፣ አደረግንላት። ለትልቁ የሚሆን ጎሚኒ አላገኘንም፤ ስለዚህ የበሬ ቆዳ አርሰን፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ ወጥረን፣ ኩባያ አስመስለን አደረቅንለት። አሥር ቀን ፈጀ። ከዚያ ጋሽ ወልዴ እንዲህ አሉኝ፦

"ጎሚኒዋ የፍሬን ልጅ ናት። የምትጠጣው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ካጠጣሃት ትገድላታለህ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበል። ድገመው።"

ደገምኩት። በነጋታው ሚዛን ሄዱ።

ፕሬሷ ሥራ ስትጀምር ሰው ቆሞ ያይ ነበር። እጀታዋን ስትነቀንቅ ድምፅ የላትም፤ ኩሽኔታዋ እንደ ቅቤ ትገባለች። ደንበኞች ከማዶ መሻገር ጀመሩ። ደምሴም ተሻገረ፤ ለማየት። "ምን ምን አድርገህ ነው?" አለኝ። "ጸሎት" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ደምሴ ምስጢሩን ሊሰርቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። የፍሬን ዘይቱን ብልቃጦች ሁሉ አቃጠልኩ፤ ፈሳሹን በጥቁር ጀሪካን ገለበጥኩት። አጠገቡ የሞተር ዘይት ያለበት ሌላ ጥቁር ጀሪካን ነበር። በሁለቱም ላይ በነጭ ቀለም "ዘይት" ብዬ ጻፍኩ። እኔ የቱ የቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ ማን ማወቅ ይፈልጋል? ደምሴ።

አብሮኝ የሚሠራው ታደሰ የሚባል የሸኮ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ ትዳር አለው፣ ቁጥብ ነው። አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ነው፤ ቃል አያባክንም። እጁ ከእኔ የተሻለ ነበር፤ ይህም አንዱ የምጠረጥርበት ምክንያት ነበር። ሌላው ምክንያት ከእኔ በፊት ደምሴ ጋ አንድ ዓመት መሥራቱ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሻይ ቤት ከደምሴ ጋር ተቀምጦ ሲስቅ አየሁት። ሰው ከቀድሞ አለቃው ጋር ስቆ ሻይ መጠጣቱ ምን ክፋት አለው? ምንም። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ጥቅምት ላይ መለዋወጫ ላመጣ ሚዛን ልሄድ ስነሣ ታደሰ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ጋሼ፣ ፖምፓዋ ጎድላለች።"

"ዘይት ጨምርባት።"

"የትኛውን ዘይት?"

ቀና ብዬ አየሁት። ለምን ጠየቀ? አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ራሴ ስጨምር ኖሬ፣ ዛሬ ለምን የትኛው አለ? ማን ላከው?

"ዘይት ዘይት ነው" አልኩት። "ጨምር።"

ታክሲው ጥሩንባ እየነፋ ነበር። ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ እጀታዋ መክበድ ጀመረች። ከሸኮ መንገድ እትዬ ብርሃኔ የምትባል ሴት የመፈልፈያዋን ዘንግ ከነኩሽኔታው ቤት በባጃጅ ጭና መጣች። ባልዋ ከሞተ ወዲህ ያንን ማሽን ብቻዋን ነው የምታስኬደው፤ የመንደሩም ሰው እሸቱን እሷ ጋ ነው የሚያመጣው። "ነስሩ፣ እሸቱ ተለቅሞ ጓሮ ተቆልሏል፤ ዛሬ ካልሠራህልኝ አለቀልኝ" አለች። "ይመኑኝ፣ እስከ ቀትር ያልቃል" አልኳት።

ኩሽኔታዋ ግማሽ ገብታ ፖምፓዋ ቆመች። እጀታው አይወርድም። ታደሰ "ጋሼ፣ ተዋት፣ እንፍታት" አለኝ። እኔ እጀታው ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ቀጥዬ ተንጠለጠልኩበት። ውስጥ የሆነ ነገር ጠሽ አለ፤ እጀታው ባዶ ወረደ፣ ግፊቱ ሞተ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ማዶ ደምሴም ያየኛል። ያን ጊዜ መዶሻ አነሣሁ።

ሦስተኛው ምት ላይ ኩሽኔታዋ የምትቀመጥበት ቤት ተሰነጠቀ። ፈሰስ ብረት ስለሆነ አይበየድም። ሌላ ከጅማ እስኪመጣ አራት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን እትዬ ብርሃኔ ጓሮ ስሄድ ሽታው ከመንገዱ ተቀበለኝ። ክምሩ ውስጥ እጄን ብከት ውስጡ ይሞቃል፤ ያን ሁሉ ቀይ እሸት ሻጋታ አልብሶታል። ከነልጣጩ ለሚደርቅ ጀንፈል እንኳ የሚሆን አልነበረም። እሷ አልጮኸችም። "ይመኑኝ ብለኸኝ ነበር" ብቻ አለች።

ወደ ቴፒ ስመለስ ነገሩን በልቤ ጨርሼ ነበር። ፖምፓዋ አንድ ዓመት ምንም አልሆነችም፤ እኔ ሚዛን በሄድኩበት ቀን ነው የታመመችው። ማን ነበረ? ታደሰ። የት ይስቅ ነበር? ደምሴ ጋ። "የትኛውን ዘይት" ብሎ ማን ጠየቀ? ሻይ ቤት ገባሁ፤ ታደሰም ደምሴም ግማሹ ገበያም እዚያ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት "ይህ ሰው ፖምፓዬን መርዟታል። ተልኮ ነው" አልኩ።

ታደሰ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ያዘዝከኝን ነው ያደረግሁት" አለ። "ሁለተኛ እንዳላይህ" አልኩት። ደምሴ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው፤ ያንንም ጥፋተኛ ስለሆነ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ቴፒ ስም ለማውጣት ፈጣን ከተማ ናት። በሁለት ቀን "ታዴ መርዙ" ተባለ። ደምሴ እንኳ ሊቀጥረው ፈርቶ ተወው። ታደሰ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሸኮ ሄደ።

እኔ ፖምፓዋን በጆንያ አድርጌ ለጋሽ ወልዴ ወሰድኳት። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ፈቷት፣ ጎሚኒዋን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሯት። ውሃ የነካው ዳቦ ይመስል አብጣ ልማለች፣ ከንፈሯ ተቀዷል።

"ምን አጠጣሃት?"

"ዘይት።"

"የማን ዘይት?"

ከውስጧ የቀረውን ጠብታ በሁለት ጣት አሹት፣ አሸተቱት። ከዚያ ከሻያቸው አጠገብ የነበረውን ውሃ ሳብ አድርገው ጠብታውን ጣሉበት። ተንሳፈፈ፣ ቀለም አውጥቶ ተዘረጋ።

"የፍሬን ዘይት ውሃ ውስጥ ይጠፋል" አሉ። "ይህ የሞተር ነው። ማን ጨመረው?"

"ታደሰ። ተልኮ ነው።"

"የትኛው እንደሆነ ነግረኸው ነበር?"

"አልነገርኩትም።"

"ጠየቀህ?"

"... ጠየቀኝ።"

"ምን አልከው?"

እዚህ ላይ ልዋሽ አሰብኩ፤ አልደብቅም። ሽማግሌው ግን በደከመ ዓይናቸው ቀጥ ብለው ያዩኛል።

"ዘይት ዘይት ነው አልኩት።"

ጋሽ ወልዴ ጎሚኒዋን በጨርቅ ጠቅልለው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና "በል፣ የመረዛትን ሰው ይዘኸው ሂድ" አሉኝ።

ወዲያው ሄጄ ይቅርታ የጠየቅሁ እንዳይመስላችሁ። ፖምፓዋን አደስኳት፣ አፌን ዘጋሁ። ከጋሽ ወልዴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ደግሞ ሚዛን ናቸው። ነጋዴ ነኝ፤ ማንም ያላየውን ጉድለት ጮክ ብዬ አልናገርም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ። ከዚያ የእትዬ ብርሃኔን ማሽን ልጠግን ሄጄ ሳለሁ ከለቃሚዎቿ አንዷ ታደሰ ሥራ ፈልጎ መጥቶ እንደነበር አወራችልኝ። ለቀማ። ያ እጅ፣ ለቀማ! እትዬ ብርሃኔ "መርዘኛ ቡናዬን አይነካም" ብላ ከበር መልሳዋለች። ይህን ስትነግረኝ ደግሞ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው።

በነጋታው ስኳርና ማር ይዤ ሸኮ ወጣሁ። ታደሰ ቡናው ሥር አረም እየመነጠረ ነበር። አየኝ፣ ገጀራውን አላስቀመጠም። እኔም ከገጀራው ራቅ ብዬ ቆምኩ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ጀሪካኑን፣ ውሃውን፣ ጋሽ ወልዴን። ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም።

"ጨረስክ፣ ነስሩ?" አለኝ። ጋሼን ጥሎ በስሜ ብቻ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር።

"ጨረስኩ። ይቅር በለኝ።"

"ስኳሩን ይዘህ ተመለስ። የሰደብከኝ ሻይ ቤት ነው። ይቅርታው ለምን ሸኮ ድረስ ይመጣል?"

"ሻይ ቤት እኮ ደምሴ አለ።"

"ያን ጊዜም ነበረ።"

የሚለው ገብቶኛል። ሻይ ቤት ቆሜ "አልመረዛትም" ብል ብቻ ማን ያምነኛል? እንዴት አወቅህ ይሉኛል። ማስረዳት አለብኝ፤ ጎሚኒው የምን እንደሆነ፣ ፈሳሹ የምን እንደሆነ፣ ሁሉንም። ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን በደምሴ ጆሮ ማፍሰስ ማለት ነው። መንገዱን ሙሉ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። በሽማግሌ ቢሆንስ? በደብዳቤ ቢሆንስ? ታደሰ ከደምሴ ጋር ተመካክሮ ቢሆንስ? ይህን የመጨረሻውን ሳስብ ግን ከራሴ ጋር ተፋፈርኩ።

በገበያው ቀን ታደሰ ከሸኮ ወርዶ ሻይ ቤቱ ጥግ ተቀመጠ። እትዬ ብርሃኔም ለገበያ ወርዳ ነበር፤ እንድትገባ ለመንኳት። ተነሥቼ ቆምኩ።

"ማን ሞተ?" አለ አንዱ።

"ማንም አልሞተም። ስለ ፖምፓዋ ነው።"

ነገርኳቸው። የፍሬን ጎሚኒ ነው፣ የቆዳ ኩባያ ነው፣ የሚጠጡት የፍሬን ዘይት ነው፣ እኔ ሁለቱንም ጀሪካን ዘይት ብዬ ጻፍኩ፣ እሱ የትኛውን ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ ዘይት ዘይት ነው አልኩት። ጎሚኒዋን ከጨርቁ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሰው ተጠጋግቶ አያት።

"ታዲያ መርዙ ማን ነው?" አለ ያው ሰውዬ።

"እኔ ነኝ።"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዛሬም ድረስ "ነስሩ መርዙ" የሚሉኝ አሉ። እትዬ ብርሃኔ ግን አልሳቀችም። "የእኔስ ቡና?" አለች።

"እሱም በእኔ ነው፣ እትዬ። ወርክሾፔ እስካለ ማሽንዎ ያለ ክፍያ ይሠራል።"

እሷ ፊቷን ወደ ጥጉ አዞረች። "አንተ ታደሰ፣ ከበሬ ስመልስህ ቀን አልወጣልህም ነበር" አለችው። አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ያን ጊዜ ደምሴ ወንበሩን ጎትቶ ቀረበ። ጎሚኒዋን በጣቱ እያገላበጠ "ቆይማ፣ ነስሩ" አለ። "የፍሬን ጎሚኒ... ብልሃት ነው። የትንሿ ፒስቶንስ? ወርዷ ስንት ሚሊ ነው?"

ሁሉን እናገራለሁ ብዬ ነው የቆምኩት። ታደሰ ያየኛል። የእኛ ፒስቶን አሥራ ሁለት ሚሊ ናት። አፌን ከፈትኩ።

"ሃያ ሁለት" አለ ታደሰ፣ ሻዩን እየጠጣ።

ደምሴ እኔን አየኝ። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ። ደምሴ ካርቶን ቀዶ "22" ብሎ ጻፈና ኪሱ ከተተ።

ታደሰ በማግስቱ ሥራ ገባ። ከወር በኋላ ከማዶ ጩኸት ሰምቼ ብወጣ፣ ደምሴና ሌላ ግዙፍ ሰው ደምሴ አዲስ የሠራው ፕሬስ እጀታ ላይ ተንጠልጥለው እግራቸው ከመሬት ተነሥቷል፤ ፕሬሱ ንቅንቅ አይልም። ፒስቶኗ በወፈረች ቁጥር እጀታዋ ይከብዳል። ታደሰ አጠገቤ ቆሞ አየ፤ ተመልሶ ወደ ሥራው ገባ።

ተሳስቶ ይሆን፣ አውቆ ይሆን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ወርክሾፑን ያስረከብኩት ለእሱ ነው። አብረን በሠራንባቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ልኬት ሲሳሳት አይቼው አላውቅም።